ለብቅል የሚቀመጥ ገብስ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ ወደ ጮቄ ተራራ እየወጡ ሲሄዱ፣ ገብስ ተወቅቶ ከአውድማ ሲገባ ሁሉም አንድ ዕጣ የለውም። ለእንጀራ፣ ለበሶና ለቆሎ የሚውለው ፍሬ ሞቶም ያገለግላል። ለጠላ ብቅል የታሰበው ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጎተራ ገብቶ፣ ክረምቱን አልፎ፣ ለመስቀል ወይም ለጥር ሰርግ እስኪነከር ድረስ በሕይወት መቆየት አለበት። ስለ እህል አቀማመጥ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስንት ኩንታል ተረፈ የሚለው ነው። ለጠላ ጠማቂዋ ከዚህ ሌላ ጥያቄ አለባት፤ ከተረፈው ውስጥ ስንቱ ይበቅላል?

ገብስ አንድ ቀንና ሌሊት ያህል ተነክሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖበት ሲበቅል፣ ፍሬው ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። ብቅሉ በፀሐይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ከጌሾውና ከአሻሮው ጋር ጥንስሱ ውስጥ ሲገባ ሥራውን የሚሠራው በእነዚህ ኢንዛይሞች ነው፤ እርሾው ስኳሩን ካላገኘ ጠላው ኃይል አይኖረውም። የሞተ ፍሬ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይበቅልም። በጉንቁሉ መካከል ይሻግትና ጎረቤቱንም ያበላሻል።

ደጋው ለዚህ ያበጀው ዕቃ ሁለት ነው። ጎተራ በግቢ የሚቆመው ነው፤ በቀርከሃ ወይም በቀጫጭን እንጨት ተጎንጉኖ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ ክዳኑ ሣር ሆኖ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ወይም ቋሚ ላይ ይቀመጣል። ጎታ ደግሞ የቤት ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች በእበት፣ በጭቃና በጤፍ ጭድ፣ አንዱ ዙር ሲደርቅ ሌላውን እየጨመሩ ያቆሙታል። እህሉ በላይ ገብቶ የሚወጣው ከታች በጨርቅ ከተወተፈች ቀዳዳ በመሆኑ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል፤ ሙሉ አፉም በየጊዜው አይከፈትም። እነዚህን ዕቃዎች የድህነት ምልክት አድርገው የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። እበቱና ጭዱ እርጥበትን በጥቂቱ ይመጥጣል፣ ይመልሳልም፤ የሣሩ ክዳን የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል።

ቆርቆሮ ይህን አያደርግም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ የበጋ ሌሊቷ ይበርዳል፣ ቀኗ ፀሐይ ነው። በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቀን የሞቀው አየር ከእህሉ እርጥበት ይዞ ይወጣል፣ ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሲነካው ወደ ጠብታ ተለውጦ ከላይ ይንጠባጠባል። የላይኛው ጆንያ ያለ ዝናብ የሚሻግተው በዚህ ምክንያት ነው። መጋዘኑ ቆርቆሮ ከሆነ ከጣሪያው ሥር ኮርኒስ ወይም ወፍራም የሣር ንጣፍ ይግባ፤ ጆንያው ከግድግዳው ይራቅ፤ ከወለሉም በእንጨት ርብራብ ይነሳ። ለአይጥ ሲባል የጎተራው እግር አንድ ሜትር ያህል ይርዘም፤ በየእግሩ አናት ላይ እንደ ተገለበጠ ቁና የታጠፈ ቆርቆሮ ቢታሰር አይጡ ሽቅብ መውጣት አይችልም።

ከሁሉ በላይ ግን ድርቀት ነው። እህሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ 13 እጅ በታች መሆን አለበት። የደጋ ገበሬ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ያውቀዋል፤ ደረቅ ገብስ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ያልደረቀው ይላመጣል። ጥርጣሬ ካለ በደረቅ ጠርሙስ ጥቂት ደረቅ ጨው ከእህሉ ጋር አድርጎ ደኅና አድርጎ መነቅነቅና ጥቂት ማቆየት ነው፤ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ ገና ወደ ፀሐይ መመለስ አለበት።

ነቀዝ ደግሞ ፍሬውን ከውስጥ ይበላል። እናቲቱ ገብሱን በጥርሷ ትበሳና እንቁላል ጥላ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍናለች፤ ትሉ እዚያው ፍሬው ውስጥ ያድጋል። በሞቃት ስፍራ ከእንቁላል እስከ ነቀዝ ለመድረስ አምስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ በብርድ ይዘገያል፣ በጣም ከበረደም ይቆማል። ስለዚህ የደጋው ብርድ የገበሬው ወዳጅ ነው። ከምድጃው አጠገብ የቆመ ጎታ ግን ድርቀት ቢያገኝም ሙቀቱ ለነቀዙም ይመቻል። የአምናው እህል ሳይጠረግ፣ ስንጥቁ ሳይመረግ አዲሱን መጨመር ደግሞ ለነቀዙ ቤት ከነቀለቡ መስጠት ነው።

ጤፍና ዳጉሳን ነቀዝ የማይነካቸው ፍሬያቸው ትሉን ለማሳደግ ስለሚያንስ ነው። ገበሬው ይህን ቀድሞ አውቆ ጤፍን ከትልልቅ ፍሬ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል። ለዘር የምትቀመጥ ጥቂት ገብስ ካለች ይህን የመሰለ ንጹሕ መከላከያ አላውቅም።

በቅርብ ዘመን የመጣው ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ነው። ፒክስ የሚባለው ዓይነት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካሜሩን ውስጥ የተሠራ ነው፤ በመጀመሪያ ለጥራጥሬ ታስቦ ነበር። ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር ስለማያስገቡ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሳል፣ ከዚያም ይሞታል። በደንብ የደረቀ ገብስ በዚህ ከረጢት የመብቀል ኃይሉን አያጣም። ያልደረቀውን ከቶ ማሰር ግን ገብሱን ማፈን ነው፤ እርጥብ ፍሬ ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ይሞታል።

ስለ ነቀዝ ክኒን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አሉሚኒየም ፎስፋይድ የሚባለው ይህ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ያ ጋዝ ነቀዝን እንደሚገድል ሁሉ ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት ወይም ከመኝታ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ጎታ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመር። ሕፃናት ለጉንፋን የሚሰጥ ክኒን ይመስላቸዋል፤ ጎተራ ውስጥ ሊጨምረው የሚገባውም የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

የደረቀው ብቅልም አቀማመጥ አለው። ከጥሬ ገብስ ይልቅ እርጥበት ይስባልና ሳይፈጭ፣ በደንብ በተዘጋ ዕቃ ይቀመጥ፤ የሚፈጨው የመጥመቂያው ጊዜ ሲደርስ ነው። ጌሾውም ለብቻው፣ ከክረምት አየር ርቆ ይሁን።

ገብሱ ከመነከሩ ሳምንት አስቀድሞ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ያዋጣል። በአራት በአምስት ቀን ውስጥ ከዘጠና በላይ ከበቀለ ለብቅል ይሁን። ግማሹ ብቻ ከበቀለ ለአሻሮ ይቆላ፤ ብቅሉ ከሌላ ቤት ይገዛ። የሻገተው ግን ለሁለቱም አይሁን፤ አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨውን መርዝ መቁላትም ሆነ ማብሰል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።