በፈረቃ የሚደርስ የቧንቧ ውኃ በወረርሽኝ ወቅት

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ፣ በርካታ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ቫይረሱ በቧንቧ ውኃ ይተላለፍ እንደሆነ ይጠይቁ ነበር። በመጠጥ ውኃ አማካይነት መተላለፉ አልታየም። ቫይረሱን የሸፈነው የስብ ልባስ በቀላሉ የሚፈርስ በመሆኑ፣ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣውን ውኃ ለማከም የሚጨመረው ክሎሪን ያጠፋዋል። ከቧንቧ የሚሸተው ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታም ውኃው መከላከያ እንዳለው የሚያመለክት እንጂ መበከሉን የሚያሳይ አይደለም።

ይልቁንም የሚያሠጋው ፈረቃው ነው። ውኃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወድቃል፤ በዚህ ጊዜ ቧንቧው የተሰነጠቀ ከሆነ በዙሪያው ያለው ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊሰርግ ይችላል። ስለሆነም ውኃ ሲመለስ በመጀመሪያ የሚወርደው ድፍርስ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት ተይዞ፣ ለመጠጥ የሚሆነው ከጠራ በኋላ ይቀዳል።

ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃም ቢሆን ቤት ውስጥ ሊበከል ይችላል። አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ውስጥ ኩባያ ከነእጅ እየተነከረ የሚጨለፍ ውኃ ለተቅማጥ በሽታዎች መንገድ ይከፍታል፤ ጤና ተቋማት በወረርሽኝ በሚጨናነቁበት ሰዓት ደግሞ በተቅማጥ የተዳከመን ሕፃን ይዞ ወረፋ መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። የመጠጥ ውኃ በታጠበና ክዳን ባለው ጀሪካን ተቀምጦ፣ ሳይጨለፍ እያዘነበሉ ቢቀዳ ይመረጣል። ንጽሕናው ካጠራጠረ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውኃ ከ100 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይገባል። እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ የሚጠቀም ቤተሰብ በዕቃው ላይ የተጻፈውን መጠን ጠብቆ ከጨመረ በኋላ፣ ከመጠጣቱ በፊት 30 ደቂቃ ይታገሣል። በረኪና በግምት ወደ መጠጥ ውኃ መጨመር ግን አደገኛ ነው።

አንዳንድ ቤተሰብ ያጠራቀመው ውኃ እንዳያልቅበት ሲል እጅ መታጠብን ይተዋል፤ ይህ የተሳሳተ ቁጠባ ነው። ለእጅ መታጠቢያ የግድ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ አያስፈልግም፤ ሳሙና እስካለ ድረስ ከዚያ ዝቅ ያለ ንጽሕና ያለው ውኃም ያገለግላል። እጅን ለማርጠብና ለማለቅለቅ ጥቂት ውኃ ይበቃል፤ በሳሙና በሚታሽበት 20 ሴኮንድ ቧንቧው ይዘጋል።

በወረርሽኙ ወቅት ከቦኖ የሚቀዱ ሰዎች በወረፋው ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል እንዲራራቁ ይመከር ነበር። የቦኖውን መክፈቻ ብዙ እጅ ስለሚነካው፣ ውኃ ቀድቶ የተመለሰ ሰው ጀሪካኑን አስቀምጦ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ፊቱን አይነካም፤ ለልጆችም ውኃ አይቀዳም።