ችፌ፦ የሚባለውና እውነቱ

የጄልዱ ከተማ ጎጆ ደጋ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ በአካባቢው ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ደረቅ ይሆናል። ሐኪሞች አቶፒክ ደርማታይተስ የሚሉት ችፌ የሚብሰውም በዚህ ወቅት ነው፤ የሕፃናት ጉንጭ ይሰነጠቃል፣ የክርንና የጉልበት እጥፋት ያሳክካል። እናትየዋ ከጎረቤት የምትሰማው ደግሞ «አታጥቢውም እንዴ?» የሚል ወቀሳ ነው።

ችፌ ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም። ይህን ማስቀደሜ ወቀሳው ራሱ በሽታውን ስለሚያባብስ ነው። የችፌ ቆዳ ከተፈጥሮው ወዙንና እርጥበቱን መያዝ ያቅተዋል። ሲደርቅ ሳሙናው፣ አቧራው፣ የሱፍ ብርድ ልብሱ ያስቆጡታል። ልጁ ያካል፣ ቆዳው ይላጣል፣ የተላጠው መልሶ ያሳክካል። ያፈረች እናት ጠዋትና ማታ በልብስ ሳሙና ስትፈትገው የቀረችውን ጥቂት ወዝም ታጥብለታለች። መታጠብ አይከለከልም፤ ግን ለብ ባለ ውሃ፣ ቶሎ፣ በለስላሳ ሳሙና ይሁን። ከዚያ ገላው እርጥብ እንዳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በደንብ ይቀባ። አምቦ ፍልውሃ ወስዶ መዘፍዘፍም መፍትሔ አይሆንም፤ ሙቅ ውሃ ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግስም በኋላ ቆዳውን ይበልጥ ያደርቀዋል።

«ይጋባል» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም፤ የሚጋባው እከክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 2016 ድርቅ ባጠቃቸው የአገራችን አካባቢዎች እከክ በወረርሽኝ መልክ ተዛምቶ ነበር። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል የሚወጣ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚያሳክክ ከሆነ እከክን ጠርጥሩ፤ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ መታከም አለበት። ችፌ ግን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ልጁን ከእኩዮቹ መለየት፣ ከትምህርት ቤት ማስቀረት በደል ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብዙ አገሮች የተካሄደውና አዲስ አበባንና ጅማን ያካተተው የሕፃናት አለርጂ ጥናት ይህን ያፈርሳል። ከ13–14 ዓመት ልጆች የችፌ ምልክት የታየባቸው በአልባኒያ ከ1 በመቶ በታች ሲሆኑ በናይጄሪያ ከ17 በመቶ በላይ ነበሩ። በእኛ ቆዳ ላይ ችፌ እንደ መማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ይጠቁራል፣ ያመዳል፣ ወይም ጥቃቅን ሽፍታ ይመስላል። ሳይታወቅ የሚቀረውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

«በዘር ነው» የሚለው ግን ግማሽ እውነት አለው። አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም ችፌ ካለባቸው ወላጆች የተወለደ ልጅ የበለጠ ተጋላጭ ነው። ሆኖም በአውሮፓውያን ዘር ላይ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውሮፓ ፊላግሪን በተባለው የቆዳ ፕሮቲን ላይ የሚታዩ የዘር ጉድለቶች ከችፌ ጋር እንደሚያያዙ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ጥናት ግን አንድ አዲስ ጉድለት ብቻ አገኘ። ዘር ብቻውንም አይበቃም፤ ችፌ በአጠቃላይ ከገጠር ይልቅ በከተማ ይበዛል፤ ስለዚህ አኗኗርም ድርሻ አለው።

ምችና ቡዳ ችፌን አያመጡም። ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ ደግሞ የሕፃን ቆዳ ያቃጥላል። እንቁላልና ወተት በግምት መከልከልም ልጁን ያስርበዋል እንጂ አያድነውም።

የቀረው የክሬም ጉዳይ ነው። ሐኪም ያዘዘው ቀላል ሃይድሮኮርቲዞን ለአጭር ጊዜ ቢቀባ አያስፈራም። የሚያስፈራው ፊት ለማቅላት በየሱቁ የሚሸጠው ክሎቤታሶል ነው፤ ቆዳን ያሳሳል። ይህን ለልጅ ፊት አትግዙ። ቁስሉ መግል ከቋጠረ ወይም ልጁ ካተኮሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።