የንጉሥ ቃል በስንት ቀን ይደርሳል?

የጄንጊስ ካን ልጅና አልጋ ወራሽ ኦገዴይ በዘመኑ የሠራቸውን አራት መልካም ሥራዎች ሲቆጥር የተናገረው ቃል ሞንጎሎች ራሳቸው በጻፉት ጥንታዊ ታሪክ መጨረሻ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው በሰሜን ቻይና የነበረውን የጂን መንግሥት መደምሰሱ ነው። ውሃ በሌለበት ምድር ጉድጓድ ማስቆፈሩንና በየከተማው ጠባቂ ጦር ማስቀመጡንም ይጠቅሳል። ከእነዚህ እኩል የቆጠረው አራተኛው ሥራ የፈረስ ጣቢያ ነው። አገር በመውረር የሚታወቅ ንጉሥ የመልእክተኛ ማረፊያን ከድሉ ጎን ማሰለፉ ስለ መንግሥት ሥራ ብዙ የሚያስተምር ይመስለኛል።

ሥራው እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1234 ጀምሮ ከሞንጎልያ ወደየአቅጣጫው በሚወጡት መንገዶች ላይ፣ ያንድ ቀን ጉዞ ያህል እየተራራቁ ጣቢያዎች ተቋቋሙ። በየጣቢያው ያረፈ ፈረስ፣ ምግብና መኝታ ይቆያል። መልእክተኛው የደከመውን ፈረስ አስረክቦ ትኩሱን ይጭንና ይቀጥላል። ነገሩ የሚያስቸኩል ከሆነ ጋላቢው ወገቡ ላይ ቃጭል ያስራል። ቃጭሉ ከሩቅ ሲሰማ የሚቀጥለው ጣቢያ ፈረስ ጭኖ ይጠብቃል፤ ጊዜ የሚባክነው ኮርቻ እስኪለወጥ ብቻ ነው። መልእክተኛው በካኑ ስም መሄዱ የሚታወቀው በያዘው የብረት፣ የብር ወይም የወርቅ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳውን ያየ ባለጣቢያ ፈረስና ቀለብ አልሰጥም ማለት አይችልም።

የዚህን አደረጃጀት ጉልበት በአካሉ ያየው የሮማው ጳጳስ መልእክተኛ ካርፒኒ ነው። ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ መነኩሴ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1246 ከቮልጋ ወንዝ አጠገብ ተነሥቶ፣ ባንድ ቀን ብዙ ጊዜ ፈረስ እየለወጠ፣ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በ106 ቀን ጨርሶ ከሞንጎሎቹ ዋና ከተማ ከካራኮሩም አጠገብ ከነበረው የካኑ ሰፈር ገባ።

አሁን ወደ እኛው ወደ ወሎ መንገድ እንምጣ። የሐራ ከተማ የተቀመጠችው ደጋው ወደ ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ሥር ነው። ከወልድያ የሚመጣው መንገድ በእርሷ አልፎ ወደ ሚሌ ይወርዳል፤ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአዋሽ ባቡር ሐዲድም ማብቂያው እዚሁ ሐራ ገበያ ነው። ከሐራና ከጎረቤቷ ከመርሳ ከፍ ብሎ፣ ከትግራይ ወደ ሸዋ የሚሻገረው ጥንታዊው የነገሥታት መንገድ በወሎ ደጋና ወይና ደጋ ያልፋል። ወልድያና ቆቦ ያሉበት አካባቢ ያኔ አንጎት ይባል ነበር። የንጉሥ ቃል በዚህ መንገድ ላይ እንዴት ይጓዝ እንደነበር በዝርዝር የጻፈልን ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው።

አልቫሬዝ የአምባሳደር ሮድሪጎ ዴ ሊማን ጓድ ተከትሎ ምጽዋ የወረደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1520 ነው። ጓዱ ሸዋ ከነበረው የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር የደረሰው ግን ጥቅምት ላይ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ፈጀበት። ከካርፒኒ ጋር ሲነጻጸር መንገዱ እጅግ አጭር ነው፤ የወሰደው ጊዜ ግን ሊያጥፈው ምንም አልቀረውም። ለምን? ክረምቱ፣ ገደሉና በሽታው ድርሻ አላቸው። ዋናው ምክንያት ግን ጭነቱ የሚሄድበት ሥርዓት ነበር። የእንግዶቹን ዕቃ የሚሸከመው ባላገሩ ነው። የአንዱ አገር ሰው እስከ ወሰኑ ድረስ ያደርስና ሸክሙን ጥሎ ይመለሳል፤ የሚቀጥለው አገር ሰው መጥቶ እስኪያነሣው ጓዱ ሜዳ ላይ ቀናት ይቆጥራል። እንደ ሞንጎሎቹ ሁሉ ይህም ቅብብል ነበር፤ በወሰኑ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ተረካቢ ግን አልነበረውም። በንጉሡ ትእዛዝ ይመራቸው የነበረው አባ ጸጋ ዘአብ ሸክምም ቀለብም የሚያወጣው በቁጣና በዱላ እንደነበር አልቫሬዝ ጽፏል፤ በጉዟቸው ላይ የድንጋይ ውርጅብኝ የወረደባቸው ጊዜም ነበር። ድንጋዩን የወረወረው ሰው ምን ተሰምቶት እንደነበር ለመገመት የሚያስቸግር አይመስለኝም።

ያው ቄስ ያየው ሌላ ነገር አለ። ከንጉሡ ዘንድ ቃል ሲመጣ ሹሙ ቤቱ ተቀምጦ አይቀበልም። ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከወገቡ በላይ ልብሱን አውልቆ፣ ቆሞ ያዳምጣል። ቃሉ የምስጋናና የደስታ ከሆነ መልሶ ይለብሳል፤ የቁጣ ከሆነ እንደተራቆተ ይቀራል። ያን ጊዜ ወረቀት ብዙ ቦታ አልነበረውም። መልእክተኛው ቃሉን በቃሉ ይዞ ይመጣል፤ ለተናገረበት ሰዓት የንጉሡ አፍ እርሱ ነው። ቃለ ሐጼ የሚባል ማዕረግ የነበረውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እንደ ፈረስ በየጣቢያው አይለወጥም። የሰማው እርሱ፣ ንጉሡን በዓይኑ ያየው እርሱ፣ ሲጠየቅ የሚመልሰውም እርሱ ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱ መሄድ ነበረበት።

ኋላ ደብዳቤ ሲበዛ፣ እግረኛው መልእክተኛ ወረቀቱን አጥፎ በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ ሰክቶ ይይዘው ነበር። ላብ አይነካውም፤ ያገኘው ሁሉም ሰውዬው በሥራ ላይ እንዳለ ከሩቅ ያያል። በትሩ የሞንጎሉን ሰሌዳ ያህል ባያስገድድም መንገድ ያስለቅቅ ነበር። በአገራችን ገደላገደል ላይ ደግሞ ፈረሰኛ ከእግረኛ ያን ያህል አይቀድምም፤ ቁልቁለቱን ወርዶ አቀበቱን የሚወጣው ሯጭ አቋራጩን ያውቃል።

ነገሥታቱ የርቀቱን ችግር የፈቱት በሌላ በኩል ነው፤ ቃላቸውን ከማፍጠን ይልቅ ራሳቸው ይሄዱ ነበር። የልብነ ድንግል ከተማ ድንኳን ነበር። ያመጸ አገር ካለ ሰፈሩ ወደዚያ ይነሣል፤ ማገዶና እህል ሲያልቅ ወደ ሌላው ይሻገራል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመሠረቱ በኋላ እንኳ ንጉሥ በበጋ ዘምቶ በክረምት መመለሱ አልቀረም። እንዲህ ያለው አገዛዝ ንጉሡ ባለበት ጠንካራ፣ በሌለበት ልል ነው። የየጁ መሳፍንት ከዚህ ከእኛ አካባቢ ተነሥተው ጎንደር ላይ ነገሥታትን ሲሾሙና ሲሽሩ የኖሩበትን ዘመን ሳስብ፣ ከመሣሪያቸው ይልቅ ይህ ልልነት የበለጠ የረዳቸው ይመስለኛል።

ወጪውን የሚከፍለው ግን እዚያም እዚህም አንድ ዓይነት ሰው ነው። በንጉሥ ትእዛዝ ለሚያልፍ እንግዳ ባላገሩ ድርጎ ያወጣል፤ እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ፣ የበቅሎው ገብስ ሳይቀር። መንገድ ዳር መኖር በረከት የሚሆነው ለነጋዴ ነው፤ ለገበሬ ዕዳ ነበር። ሞንጎሎቹም ከዚህ አላመለጡም። መሳፍንቱ ሰሌዳውን ለነጋዴ ወዳጆቻቸው ያድሉ ስለነበር ጣቢያዎቹ ፈረስ አጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1251 የነገሠው ሞንኬ ካን ሰሌዳውን ከማይገባው ሰው እጅ አስለቀቀ። ሞንጎሎቹ ይገዙት በነበረው በፋርስ ምድር የነበረው ችግር ደግሞ የባሰ ነበር፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ራሺድ አልዲን መልእክተኛ እንዳያርፍባቸው ሲሉ ቤታቸውን ሳይጠግኑ ፍርስራሽ አስመስለው ስለሚኖሩ ሰዎች ይተርካል።

መልእክት ሲዘገይ የሚደርሰውን ጥፋት ወሎ በመቅደላ ላይ አይታለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ የጻፉት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1862 ነው። ደብዳቤው በየካቲት 1863 ለንደን ደረሰ፤ መልስ ሳይሰጠው ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ፤ ዝምታው ንቀት መሰላቸው፤ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። መልሱን የያዘው ራሳም ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ፈቃድ ጠብቆ ንጉሡን ፊት ለፊት ያገኛቸው በጥር 1866 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ አለፈ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው በናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር ነው፤ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ያ ወረቀት በጊዜው መልስ ቢያገኝ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ከመርሳ በስተደቡብ አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ የተፈረመው ውል አገር ያጋጨው በአንቀጽ 17 ነው፤ የአንቀጹ ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለአውሮፓ መንግሥታት የሚልከው መልእክት በማን በኩል ይለፍ የሚል ነበር። ጣልያን በእኔ በኩል ካልሆነ አይሆንም አለች። ምኒልክ ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም ወደ ጦርነት አመራ። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጁ በነጋሪት ተመትቶ፣ በእግረኛና በበቅሎ መልእክተኛ አገር ላገር ተዳረሰ፤ መሰብሰቢያው በጥቅምት ወረ ኢሉ ነበር። ከዚያ የተነሣው ሠራዊት በወሎ በኩል ወደ ሰሜን ዘመተ። ስልክ በሌለበት፣ ጣቢያ በሌለበት አገር ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ወር ገደማ አንቀሳቅሶ አንድ ቦታ ማገናኘት፣ ከኦገዴይ ፈረሰኞች ሥራ የሚያንስበት አንዳች ነገር አይታየኝም።

ጣቢያ ያለው ቅብብል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1899 ባለው ጊዜ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ መሪነት ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ጣልያኖች የአዲስ አበባውን መስመር በወሎ በኩል ከአስመራ ጋር አገናኙ። መንገዱ ሲጠና ያው የነገሥታቱ መንገድ ነው፤ የተለወጠው ተጓዡ ነው። ለሹማምንቱ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቀድሞ ከቤተ መንግሥት የሚመጣ ትእዛዝ ሳምንት ይፈጅ ስለነበር ሹሙ ገና አልደረሰኝም ማለት ይችላል፤ መልእክተኛውን አብልቶ አጠጥቶ ማቆየትም ይችላል። ሽቦው አይበላ አይጠጣ፤ መልስ ይጠብቃል።

ከስልኩ ቀድሞ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖስታ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ምኒልክ ፓሪስ አሳትመው ያስመጡት ቴምብር ከሩብ ግርሽ እስከ 16 ግርሽ ዋጋ ነበረው። በዚያች ቁራጭ ወረቀት የመልእክት ወጪ ከመንገድ ዳር ገበሬ ጎተራ ወጥቶ ወደ ላኪው ኪስ ገባ። ደብዳቤውን ከሐረር አዲስ አበባ የሚያደርሰው ሰው እንግዲህ ድርጎ የሚጠይቅ ጌታ መሆኑ ቀርቶ ተቀጣሪ ሆነ። ጉድለቱ ከአገር ሲወጣ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች ቴምብሯ ከድንበር ውጭ አይሠራም፤ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ የፈረንሳይን የጂቡቲ ቴምብርም ጨምሮ መለጠፍ ነበረበት። ይህ የቀረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1908 አገሪቱ ኅብረቱን ስትቀላቀል ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የምኒልክ ምስል ያለበት ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ የማንንም ቴምብር ሳይደርብ ሮማም ለንደንም ይደርስ ጀመር።