የፖላንድ ቴምብሮች የሚነግሩን

የፖስታ ቴምብር የደብዳቤ ዋጋ መክፈያ ብቻ አይደለችም፤ የአገርም ምስክር ናት። ይህንንም ከፖላንድ ታሪክ እንረዳለን።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1795 ዓ.ም. ፖላንድ በሦስት ጎረቤት መንግሥታት ተከፋፍላ ከካርታ ጠፋች። በ1860 በሩስያ ግዛት ሥር ሳለች የመጀመሪያዋ ቴምብር ወጣችላት። በዚህችም ቴምብር ላይ ባለሁለት ራሱ የሩስያ ንስር የፖላንድን ንስር በደረቱ ይዞ ይታያል፤ ጽሕፈቷም በሁለቱ ቋንቋዎች ነበረ። ነገር ግን ከ1863ቱ ዐመፅ በኋላ፥ በ1865፥ ይህችው ቴምብር ቀረች፤ ሕዝቡም ደብዳቤውን በሩስያ ቴምብር ይልክ ዘንድ ግድ ሆነበት።

ነፃነት በ1918 ከተመለሰ ወዲህ ግን የፖላንድ ፖስታ ቤት የኮፐርኒክን፥ የማሪ ኩሪንና የዜማ ደራሲውን የሾፐንን መልክ በቴምብር አሳትሟል። የባላገር ሴቶች በበግ ጠጕር መሸለቻ መቀስ ባለቀለም ወረቀት እየቈረጡ የቤታቸውን ግድግዳ የሚያስጌጡበት ጥበብም ከሊቃውንቱ ጋር ስፍራ አግኝቷል። ዛሬ የሚወጡት አዳዲስ ቴምብሮችም ይህንኑ የአባቶች ቅርስ በየቤቱ ያደርሳሉ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ቴምብር ሲሰበስቡ፥ የተሣለው ማን እንደ ሆነና ለሕዝቡ ምን እንዳደረገ ጠይቋቸው። አንድ ሕዝብ ሊረሳው የማይወደውን በዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ያገኙታልና።