ዓለም አቀፍ ግንኙነትና የጀርመን ቋንቋ

በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ታጠናለህ?» ሳንባል የምንውልበት ቀን የለም። እኔ «ዓለም አቀፍ ግንኙነትን፥ ከእርሱም ጋራ ጀርመንኛን» ብዬ ስመልስ ብዙው ሰው ይስቃል። አባቴ ግን ሳይስቅ ዝም አለ። ዝምታው ከሳቁ ይልቅ ስለ ከበደኝ ምክንያቴን ለመግለጽ ተነሣሁ።

አባቴ ልደታ ካለው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። «ይችላል» እና «ግዴታ አለበት» የሚሉት ቃላት ቢለዋወጡ ሰው ቤቱን ሊያጣ እንደሚችል ከልጅነቴ ጀምሮ ሲናገር ሰምቻለሁ። የመንግሥታትም ነገር እንዲሁ ነው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ዳግማዊ ምኒልክ ከኤውሮፓ ነገሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመጠቀም ይችላሉ ሲል፥ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገባቸው። ኢጣልያም በዚሁ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለኤውሮፓ አስታወቀች። የቃሉ ጠብ እያደገ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ።

እንግዲህ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ውልን፥ ጦርነትንና ንግድን የሚመረምር ትምህርት ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፖለቲካ ሳይንስ ጋራ በአንድ ክፍል ይሰጣል። ጀርመንኛውን ደግሞ በከተማችን ያለው ጎተ ኢንስቲትዩት ያስተምራል፤ ከጀማሪው እስከ ሊቁ 6 ደረጃዎች አሉት።

አጎቴ «ፈረንሳይኛ ይሻልሃል» ይለኛል። ጀርመንኛ የተባበሩት መንግሥታትም ሆነ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ ስላልሆነ፥ ነገሩ ስለ እንጀራ ብቻ ከሆነ ምናልባት እውነቱን ነው። ነገር ግን ከሰፈራችን በእግር በሚደረስበት በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ያለው የሰላምና የጸጥታ ሕንፃ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የወዳጅነትና የንግድ ውልም ከጀርመኖች ጋራ የተዋዋልነው በ1897 ዓ.ም. ነው። ከዚያም እጅግ አስቀድሞ የእኛው አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደምትባል ከተማቸው ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍን አማርኛ አስተምረውታል፤ እርሱም በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው አሳተመ። እነርሱ ያን ጊዜ የእኛን ካጠኑ፥ እኛ የእነርሱን ብናጠና ምን ያስቃል?

ቋንቋው ከባድ ነው ይባላል። ሆኖም በብዙ ቦታ ግሱን እንደ አማርኛችን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር እኔ አልጠላሁትም። ይልቅ የሚያሳስተን እንግሊዝኛችን ነው። «ካን» ማለት ይችላል፥ «ሙስ» ማለት ግዴታ አለበት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ማስት ኖት» ሲባል ክልክል መሆኑ ነው፤ በጀርመንኛ «ሙስ ኒሽት» ሲባል ግን ግዴታ የለበትም፥ ቢፈልግ ያድርገው ማለት ነው።

ይህን ለአባቴ ባስረዳሁት ጊዜ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እንግዲያው ይህ ሁለተኛ ውጫሌ ነዋ!» አለና፥ ጥቂት ቆይቶ «ለመሆኑ ትምህርቱ በወር ስንት ያስከፍላል?» ሲል ጠየቀኝ።