በ28 ግራም የበለጠው ዓሣ ለምን አላሸነፈም?

ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዓሣ ያዙ። የአንደኛው 10 ኪሎ ከ90 ግራም፣ የሌላው 10 ኪሎ ከ120 ግራም መዘነ። ማን አሸነፈ? «ሁለተኛው ነዋ!» ካሉ ተሳስተዋል። እኩል ወጡ።

ታሪኩ በእውነት የሆነ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1932 በጆርጂያ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ሐይቅ ላርጅማውዝ ባስ የተባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ ያዘ። ወቅቱ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና ዓሣው ከተመዘነ በኋላ የቤተሰቡ ራት ሆነ። ክብረ ወሰኑ ግን 77 ዓመት ሳይደፈር ቆየ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2009 ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ በቢዋ ሐይቅ በ28 ግራም ገደማ የሚበልጥ ዓሣ አወጣ። የውሸት መመርመሪያ ፈተና ሳይቀር ወስዶ አለፈ።

ታዲያ ለምን አላሸነፈም? ክብረ ወሰኖቹን የሚመዘግበው፣ እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ነው። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ከ25 ፓውንድ (11.3 ኪሎ ገደማ) በታች የሆነ ዓሣ የቀድሞውን ክብረ ወሰን ለመስበር ቢያንስ በ2 አውንስ፣ ማለትም በ57 ግራም ገደማ መብለጥ አለበት። ከዚያ ያነሰ ልዩነት እንደ እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ሰፈረ።

ደንቡ በዚህ አያበቃም። ዓሣውን መንጠቆ ላይ የያዘው ሰው ራሱ ታግሎ ማምጣት አለበት፤ ሌላ ሰው ዘንጉን ወይም ክሩን ከነካ ክብረ ወሰን የለም። ሚዛኑ የተረጋገጠ መሆን ይኖርበታል፤ የሚመዘነውም ጀልባ ላይ ሳይሆን የብስ ላይ ነው። በመረብ የተያዘ ዓሣ የቱንም ያህል ቢገዝፍ አይመዘገብም። በእኛው ጫሞ ሐይቅ የሚገኘውን ናይል ፐርች ያስቡ፤ የዚህ ዓሣ ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በግብፅ ናስር ሐይቅ በመንጠቆ የተያዘው፣ 104 ኪሎ ከ320 ግራም የመዘነው ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የምድቦቹ አከፋፈል ነው። አንደኛው ምድብ መሣሪያ ሳይለይ የዓሣውን ክብደት ብቻ ያያል። ሌላው በክር ጥንካሬ ይከፈላል፦ ከ1 ኪሎ ጀምሮ እስከ 60 ኪሎ ይደርሳል። በ1 ኪሎ ክር 10 ኪሎ ዓሣ ያወጣ ሰው በ60 ኪሎ ክር ከሚያወጣው ጋር አይወዳደርም፤ የመጀመሪያው ክሩ እንዳይበጠስበት ትዕግሥትና ብልሃት ይጠይቀዋልና። በዚህ ምድብ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የሚመዘገቡበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ዓሣው በርዝመት ተለክቶ በሕይወት ወደ ውኃ የሚመለስበት ምድብ ተጀመረ። ልጆችም የራሳቸው ቦታ አላቸው፦ እስከ 10 ዓመት ያሉት በአንድ፣ ከ11 እስከ 16 ዓመት ያሉት በሌላ።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ «ትልቁ»፣ «አንደኛው» የሚሉ ቃላትን በየቀኑ እጽፋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር «ከማን ጋር ሲወዳደር?» ብሎ መጠየቅን ነው።

ጥያቄው ለቤታችንም ይሠራል። የልጅዎ የፈተና ውጤት ሲመጣ «የጎረቤት ልጅ ግን 95 አምጥቷል» ለማለት አፍዎ ሲከፈት አንድ አፍታ ይቆዩ። የዚያኛው ልጅ ክር ስንት ኪሎ ይችላል? የእርስዎስ ልጅ? ምናልባት ልጅዎ በቀጭኗ ክር ትልቅ ዓሣ ይዞ መጥቶ ይሆናል፤ እርስዎ ያዩት ግን ሚዛኑን ብቻ ነው።