የጓሮ መሬታችንን በመጸው እንመግበው



ክረምቱ አልፎ መጸው ሲገባ በጅማ ሰቶ ሰመሮ ጓሮው ሁሉ ይሰጣል። በቆሎው ይደርሳል። ድንቹ ይቆፈራል። ዱባው ከነእንጨቱ ይቆረጣል፤ እንጨቱ ካልተነቀለ ብዙ ጊዜ ይቆያልና። ቡናውም ይቀላል፤ ለቀማው ይጀመራል። እኛ ሰበሰብን፣ በላን፣ የተረፈውን ሸጥን። መሬታችንስ ምን በላች? ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

በብዙ ጓሮ የማየው ይህን ነው። አገዳው፣ የዱባው ሐረግና የጎመኑ ግንድ ተከምሮ ይደርቃል። ከዚያም እሳት ይለቀቅበታል። በተለይ ኅዳር 12 ቀን ጢሱ ይበዛል። ልማዱ ምክንያት አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የጉንፋን ወረርሽኝ በአገራችን ብዙ ሰው ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ሰው በዚያ ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ያቃጥላል። ማጽዳቱ መልካም ነው። ነገር ግን ቅጠልና አገዳ ቆሻሻ አይደለም፤ የመሬት ምግብ ነው። ሲቃጠል፣ ቅጠልን የሚያለመልመው ናይትሮጅን የሚባለው ምግብ ከጢሱ ጋር ይሄዳል። የሚቀረን ጥቂት አመድ ብቻ ነው።

የጅማ መሬት ደግሞ ምግብ ያስፈልገዋል። ጅማ ላይ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል። ይህ ውኃ ሳይፈስ ቢጠራቀም ከሰው ትከሻ ይደርስ ነበር። ያ ሁሉ ውኃ የአፈሩን ምግብ እያጠበ ይወስዳል። ቀዩ አፈራችን የሚኮመጥጠውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. የፋብሪካ ማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ሁሉ እንዴት እንደ ናረ ታስታውሳላችሁ። ብስባሽ ግን ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው፤ ውኃውም ቅርብ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

ጥላ ያለበት፣ ውኃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡ። ወርዱ ሜትር ተኩል ያህል ይሁን። ከታች የተቆራረጠ አገዳ አንጥፉ። በላዩ እርጥብ ቅጠል፣ ከዚያ የከብት እበት፣ ከዚያ ስስ አፈር አድርጉ። ውኃ አርከፍክፉበት። ይህን እየደጋገማችሁ እስከ ወገብ ከምሩ። የቡና ገለባ ያላችሁ ጨምሩ። ቶሎ አይበሰብስምና ከእበት ጋር ይቀላቀል። መካከሉ ላይ ዱላ ትከሉ። ከዚያ በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ሸፍኑት።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ተበላሽቶብኛል። መጽሐፍ ላይ «ውኃ ይጠጣ» የሚል አንብቤ በባልዲ አፈሰስኩበት። በሳምንቱ ገማ። ያረፍኩባቸው እናት አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ አሰጠምከው እኮ! እሱም እንደ እኛ መተንፈስ ይፈልጋል» አሉኝ። ደረቅ አገዳ እየጨመርን ገለበጥነው፤ ሽታው ጠፋ። ፊደል ያስቆጠርኳቸው እኔ ነበርኩ። በዚያ ቀን ግን ተማሪው እኔ ሆንኩ።

ስለዚህ በየሳምንቱ ዱላውን ነቅላችሁ ዳስሱ። ሞቅ ብሎ ከረጠበ ደህና ነው። ከደረቀ ውኃ ጨምሩ። ከገማ ውኃው በዝቷል፤ ገልብጡት። በወሩ ደግሞ የላዩን ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ገልብጡ። ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆነው ጥቁርና ፍርክርክ ይሆናል፤ የጫካ አፈር ይሸታል። ለበልግ ተከላ ደረሰ ማለት ነው።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባቄላና አደንጓሬ ስታነሱ ከመሬት እኩል ቁረጡ እንጂ አትንቀሉ። ሥሩ ላይ ያሉት ትንንሽ እብጠቶች ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ረቂቅ ነፍሳት ቤት ናቸው፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ። ሁለተኛ፣ የታመመ ድንችና በአጠውልግ በሽታ የተያዘ እንሰት ክምሩ ውስጥ አይግባ። ከጓሮው አርቃችሁ ቅበሩት። የቆረጣችሁበትን ቢላዋ በእሳት አሳዩት። እሳት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ፌስታል አይበሰብስም፤ ለቅማችሁ አውጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። «መቼ ነበር የከመርነው?» እያላችሁ በግምት አትሂዱ። ቁራጭ ጣውላ ላይ በከሰል «የተከመረው ኅዳር 5፤ የሚገለበጠው ታኅሣሥ 5» ብላችሁ ጻፉና ክምሩ አጠገብ አቁሙት። ጽሕፈት የተማርነው ለዚህም ነው።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበበ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። የዘንድሮው ኅዳር 12 ሲደርስም ክብሪቱን ከመጫራችሁ በፊት ክምሩን አንዴ ተመልከቱት። የሚበሰብሰውን ወደ ብስባሹ፣ የማይበሰብሰውን ወደ ሌላ ለዩት። መሬታችንም ከመከሩ ድርሻዋን ታግኝ።